ቤታችንን ስናሻሽል ዋጋውን እንዳንቀንስ
(በሰፈራችን የልማት ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በቤቶች ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ የተሰጠ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ አብዛኞቻችን ቤት የምንሠራው ልንኖርበትና ለልጆቻችን ልናወርሰው እንጂ ልንሸጠው አይደለም። ይሁን እንጂ ሕመም ይመጣል፤ ውርስ መከፋፈል ይመጣል፤ ልጆች ውጭ አገር ይሄዱና ወላጅ በሰፊ ግቢ ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ቤቱ የግድ ይሸጣል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ለገዢ የምናቀርበው ቤቱንና ወረቀቱን ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ ምን ይዘን ገበያ እንወጣለን?

ገዢ መጥቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ ቡናም ጠጥቶ፣ «እንደዋወላለን» ብሎ የሚጠፋበትን ምክንያት ንዑስ ኮሚቴያችን ነዋሪዎችንና ደላሎችን እየጠየቀ መርምሯል። ያገኘነውን ባጭሩ እናቀርባለን።

1ኛ/ ግቢን በሰርቪስ ቤት መሙላት። የኪራይ ገቢ ኑሮን እንደሚደግፍ እናውቃለን፤ ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን ከአጥር እስከ አጥር ክፍል ሲደረደር መኪና መግቢያ ይጠፋል፤ ልብስ ማስጫ፣ ድንኳን መትከያ ይጠፋል። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ገዢ ለቅሶና ሠርግ የማያስተናግድ ግቢ ምን ያደርግለታል? በዚያ ላይ ተከራዮቹን ማን ያስወጣል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ያሸሸዋል።

2ኛ/ ከፕላን ውጭ መሥራት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጊዜ አንሥቶ አዲስ መሥራት ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማስፋፋትና መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ የሚልከው መሐንዲስ ፕላኑን ይዞ ቤቱን ያስተያያል። ካርታና ፕላን የማያውቁት ክፍል ዋጋ መጨመሩ ቀርቶ ሽያጩን ያሰናክላል። በሰፈራችን ወላጆቻቸው ያረፉባቸው ወንድምና እኅቶች ውርሱን ለመካፈል ቤቱን ለገበያ አውጥተው ነበር። ከዋናው ቤት ጋር የተቀጠሉት ሁለት ክፍሎች ፈቃድ ስላልነበራቸው ሦስት ገዢዎች ተራ በተራ ተመለሱ። ልጆቹም ገንዘቡን ሳያገኙ እርስ በርስ ተኳረፉ። እንዲያው ለሁለት ክፍል!

3ኛ/ የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን። ይህ ብዙዎቻችንን ያሳስታል። ጭቃና እንጨት እርጥበት እየሳቡ እየተፉ ይኖራሉ፤ ያብጣሉ፣ ይሟሽሻሉ። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ስለሆነም ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል፤ ወደ ውስጥ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ቋሚውንና ማገሩን ያበሰብሳል። የሚያውቅ ገዢ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ባዶ ድምፅ ከሰማ ነገሩ አበቃ። በጭድ የተቦካ የጭቃ ምርጊት በየጊዜው ማደስና አሸንዳውን መጠገን በርካሽ ዋጋ የተሻለ ሥራ ነው።

4ኛ/ የሽንት ቤት ጉድጓድን መድፈን። ግቢው እንዲያምር ብለን ጉድጓዱ ላይ ሴራሚክ እናነጥፋለን፤ አለዚያም ክፍል እንሠራበታለን። ሲሞላ የመምጠጫው መኪና ቱቦ በየት ይግባ? መክደኛው ይታይ፤ መንገዱም ክፍት ይሁን።

5ኛ/ ብርሃን መዝጋት። በረንዳውን ዘግተን ክፍል ስናደርገው ሳሎኑ በቀን መብራት ይፈልጋል። ኮርኒሱን በጌጥ ማስጨነቅ፣ ግድግዳውን በደማቅ ቀለም ማቅለምም ለባለቤቱ ደስታ ነው፤ ገዢው ግን ለማስለቀቂያ የሚያወጣውን ወጪ እያሰላ ከዋጋው ይቀንሳል።

6ኛ/ በኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ኮለን መንካት የጎረቤትንም ሕይወት መንካት ነው። ኮሪደሩና ደረጃው የጋራ ናቸው፤ በብረት በር አጥሮ «የኔ ነው» ብሎ መሸጥ አይቻልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ከመገንባታችን በፊት ወረዳ ሄደን ፈቃድ እንጠይቅ። የተሠራ ካለም ሕጋዊ መሆን ይችል እንደሆነ ሳንቸኩልና ሳንሸጥ እናጣራ። ሁለተኛ፣ ገንዘባችንን ከጌጥ በፊት በጣሪያው፣ በውኃው መስመርና በመብራቱ ገመድ ላይ እናውል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሚሠራ ሮቶ ከኮርኒስ ጌጥ ይልቅ ገዢን ያስደስታል። ሦስተኛ፣ ስንጥቅን በቀለም ሸፍነን አንሽጥ፤ ነውር ከመሆኑ በላይ በሕግም ያስጠይቃል። አራተኛ፣ ወረቀቱን እናስተካክል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት ከሆነም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ገዢ ከመጣ በኋላ ተሯሩጦ ወረቀት መፈለግ ዋጋ ያስወርዳል።

በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ የምንለው ቤታችሁን እንደ ሱቅ ዕቃ ለገዢ ብቻ አስውቡ ለማለት አይደለም። ለገዢ የማይመች ቤት፣ ብርሃን የሌለው፣ ጉድጓዱ የተደፈነ፣ ግድግዳው የበሰበሰ ቤት፣ ዛሬ ለምንኖርበት ለእኛም አይመችም። አንድ ቀን ሌላ ቤተሰብ ገብቶ ጎረቤቱ «ቤት ለእምቦሳ» ሲለው በደስታ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ የሚመልስበት ቤት እንዲሆን እንሥራው።

ፕላንና ካርታችሁን ይዛችሁ ለመመካከር የምትፈልጉ ሁሉ ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ንዑስ ኮሚቴውን ማነጋገር ትችላላችሁ።