በመመሪያ መጻሕፍት ስለ ትእዛዝ መጠበቂያ ምልክት



ዛሬ የምናገረው መጠኗ ከአንዲት ፊደል ስለማይበልጥ፣ ያለ ቦታዋ ብትገባ ግን ፋይልን ባዶ ልታስቀር ስለምትችል ምልክት ነው። ይህችም ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ለመቀበል መዘጋጀቱን የሚያስታውቅባት፣ በተለምዶ ፕሮምፕት የምንላት ናት።

በዩኒክስና በሊኑክስ ልማድ «$» ተራውን ተጠቃሚ፣ «#» ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ያለውን አስተዳዳሪ ያመለክታል። እንግዲህ ምልክቱ ጌጥ ሳይሆን ትእዛዙ በማን ሥልጣን እንደሚፈጸም የሚናገር ነው። የብራና ጸሐፍት ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ ቀለሙን ከገጽ ገጽ እንደ ፈቀዳቸው ቢለዋውጡት ኖሮ ለአንባቢው የሚነግረው ነገር ባልኖረ ነበር።

አንድ መመሪያ በአንዱ ገጽ «$»፣ በሌላው «>» ሲጠቀም፣ በሦስተኛው ደግሞ ምልክቱን ፈጽሞ ሲተው፣ ጀማሪው አንባቢ ምልክቱን የትእዛዙ አካል አድርጎ አብሮ ይቀዳዋል። ባሽ በተባለው ሼል «$» አብሮ ቢገባ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም ብሎ ይመልሳል። «#» ቢገባ መሥመሩን እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ በዝምታ ያልፈዋል፤ አንባቢውም ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው «>» ነው። በዊንዶውስ የትእዛዝ መጠበቂያ የሆነው ይህ ምልክት በባሽ ውጤትን ወደ ፋይል መላኪያ ነውና፣ ከጎኑ የተጻፈው የነባር ፋይል ስም ከሆነ ይዘቱ ይጠፋል። አንባቢው ሊያስኬደው ያሰበው ፕሮግራም ሳይሠራ ባዶ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አራት ነጥብ ከትእዛዝ ጫፍ ቢለጠፍ ሼሉ እንደ ማናቸውም ፊደል ስለሚቆጥረው የፋይሉ ስም ይለወጣል፤ ትእምርተ ጥቅሳችንም እንዲሁ። ስለዚህ ትእዛዝ በራሱ መሥመር ብቻውን ይቁም።

ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የምልክቶቹ ትርጉም በመጽሐፉ መግቢያ ይገለጽ፤ እስከ መጨረሻውም አይለወጥ። ሁለተኛ፣ እንዲቀዳ የታሰበ ትእዛዝ ያለ ምልክት ይጻፍ፤ በማን ሥልጣን እንደሚፈጸምም ከበላዩ በቃል ይነገር። ሦስተኛ፣ ምልክቱ የሚገባው ትእዛዝና የኮምፒውተሩ መልስ አብረው በሚታዩበት ስፍራ ብቻ ይሁን፤ በዚያ ሁለቱን የሚለየው እርሱ ነውና።

አንድን መመሪያ ብዙዎች ሆነን እንጽፈዋለን፤ አንባቢው ግን ከኮምፒውተሩ ፊት ብቻውን ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው በአጠገቡ የለም። ስለሆነም ይህን ስምምነት ብዕር ከማንሣታችን አስቀድመን እንድናደርግ አደራ እላለሁ።