ዕቃው የተሟላ ቤት

እህቶቼ፣ ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ስለ አንዲት ቀራፂ ጥቂት ላውጋችሁ። ሞና ሃቱም ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1952 ቤይሩት ውስጥ ከፍልስጥኤማውያን ቤተሰብ ተወለደች። በ1975 ለጉብኝት ለንደን እንዳለች በሊባኖስ ጦርነት ተነሣ፤ መመለሻ አጥታ እዚያው ቀረች።

በ1999 የሠራችው አንድ ሥራ ስሙ «ቤት» ነው። ጠረጴዛ ላይ የብረት ማጥለያ፣ መፈቅፈቂያ፣ መቀስ ደርድራ በኤሌክትሪክ ሽቦ አያያዘቻቸው። በመሀላቸው ትንንሽ አምፖሎች ቦግ ይላሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ የኤሌክትሪኩም ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ተመልካቹን ከጠረጴዛው የሚለይ የሽቦ አጥርም አለ።

ፎቶውን ሳየው የብድር ቅጻችን ትዝ አለኝ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ብረት ድስት ቆጥሬ እፈርማለሁ። የአንዲት አባላችን ዕቃ ሁሉ የተሟላ ነበር። በገዛ ቤቷ በፍርሃት እንደምትኖር ያወቅነው ግን ልጇን አዝላ ሌሊት ከወጣች በኋላ ነው። ቅጿን የሞላሁት እኔ ነበርኩ።

ከእንግዲህ ዕቃ ከመቁጠሬ በፊት «ቤት እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ።