ግራ የተጋባና ግራ የሚያጋባ



የዛሬው ንግግራችን በየመሥሪያ ቤቱ ከአፋችን ስለማይለይ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ኮንፊውዝ» የሚባለው ነው። «ጉዳዩ ኮንፊውዝ አደረገኝ»፣ «በመመሪያው ኮንፊውዝ ሆንኩ» ስንል እንውላለን። ቃሉ በአማርኛ ንግግር መካከል ሲገባ «ሆንኩ» እና «አደረገኝ» የሚሉት የራሳችን ግሦች ስለሚደግፉት ብዙም አያሳስትም። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ግን የመጨረሻዋ ድምፅ ጥፋቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ታሸጋግረዋለች፤ ስለዚህ አገባቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ፍችውም «አንድ ላይ ማፍሰስ» ማለት ነው። ይህን ለመረዳት የባሕር ዳር ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየአቅጣጫው መጥተው ጣና ውስጥ ይፈስሳሉ። ከከተማው አጠገብ ውሃው ዓባይ ሆኖ በሚወጣበት ስፍራ ቆሞ «ይህ የርብ ነው፤ ያ የመገጭ ነው» ብሎ በዓይኑ የሚለይ ሰው አይገኝም። እንግዲህ «ኮንፊውዝ» ማለት በመሠረቱ ተለይቶ መታየት የሚገባውን ነገር አፍስሶ መደባለቅ ነው።

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገሩ እንግባ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትሄድ አንዲት ጀልባ ከጧቱ በ2 ሰዓት ትነሣለች እንበል። ለውጭ አገር እንግዳ ይኸው ሰዓት ሳይለወጥ «ቱ ኦክሎክ» ተብሎ ተነገረው። እንግዳው በለመደው አቈጣጠር ከቀትር በኋላ፣ ይኸውም በእኛ 8 ሰዓት ሲሆን ከወደቡ ደረሰ፤ ጀልባዋ ግን ከሄደች 6 ሰዓት ሆኗታል። በዚህን ጊዜ እንግዳው «ኮንፊውዝድ» ነው፤ የተነገረው ቃል ደግሞ «ኮንፊውዚንግ» ነው። በ«ድ» የተጨረሰው ግራ የገባውን ሰው ያመለክታል፤ በ«ኢንግ» የተጨረሰው ግራ ያጋባውን ነገር ያመለክታል። ስለዚህ «አይ አም ኮንፊውዝድ» ያለ ሰው ግራ ገባኝ ማለቱ ነው። «አይ አም ኮንፊውዚንግ» ያለ እንደ ሆነ ግን «እኔ ሰውን ግራ የማጋባ ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ።

ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተደናገረና አደናገረ፣ ተምታታና አምታታ ስንል «ተ» የደረሰበትን፣ «አ» ያደረሰውን ለይተው ያሳዩናል። እንግሊዝኛው በቃሉ ጅራት የሚናገረውን አማርኛችን በቃሉ ራስ ይናገረዋል ማለት ነው።

ሌላው አገባብ ሁለት ነገሮችን ለማነጻጸር ሲሆን «ዊዝ» የሚለውን ቃል ያስከትላል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት ማለት ነው። ለምሳሌ ሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ስፍራ ጋር «ኮንፊውዝ» የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። በዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ነበር። ይህን ቍጥር ሳይለውጥ «1963 ዓ.ም.» ብሎ የገለበጠ ጸሐፊ ሁለቱን ዘመናት እርስ በርስ አምታቶ የተቋሙን ዕድሜ 7 ወይም 8 ዓመት ያሳጥርበታል። ኢንስቲትዩቱ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነበት ዓመት ደግሞ በእኛ 1992፣ በአውሮፓ 2000 ነው፤ ሁለቱን ለይቶ የጻፈ አንባቢውን አያደናግርም።

ወደ አማርኛ ስንመልሰውም ጥንቃቄ ያሻል። እንግሊዝኛው ቃል ብቻውን ክፉ አሳብን አያመለክትም። የእኛ «አወናበደ» ግን ሆን ብሎ የማሳሳት፣ የማታለል ሽታ አለበት። ቅጹ አመልካቾችን «ኮንፊውዝ» አደረገ የሚለውን «ቅጹ አመልካቾችን አወናበደ» ብሎ የተረጐመ ሰው ቅጹን ያዘጋጀውን ባልደረባውን ባልሠራው ወንጀል ይከሰዋል። እዚህ ላይ «ግራ አጋባ» ማለት ይበቃል።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ የሰዋስው ነገር ብቻ መስሎ የታየው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ያስብ። አንድ ማስታወቂያ ወጥቶ ባለጉዳዮች በተሳሳተ ቀን መጡ እንበል። ሪፖርት የሚጽፈው ሠራተኛ «ሕዝቡ ኮንፊውዝድ ነው» ብሎ ቢጽፍ የበላይ አለቃው ሕዝቡ ይመከር፣ ይማር ብሎ ይወስናል። «ማስታወቂያው ኮንፊውዚንግ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን ወረቀቱ ይታረም ይባላል። ሁለቱም ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ስሕተቱ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከሐይቁ ማዶ የጀልባ ዋጋ ከፍሎ፣ የሥራ ቀኑን አጥፍቶ የመጣው ባለጉዳይም በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ይመላለሳል፤ በመዝገብም ላይ ጥፋተኛው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ይህን ቃል በጻፋችሁ ቍጥር ከመፈረማችሁ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ግራ የገባው ማን ነው? ግራ ያጋባውስ ምንድን ነው? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ የቃሉን ጅራት በዚያው ልክ አስተካክሉ፤ ሁለቱም አስፈላጊ ከሆኑም ሁለቱንም ጻፉ። ጥፋቱ በትክክለኛው ስፍራ ሲጻፍ እርማቱም ወደዚያው ይሄዳልና።