በሩቅ የሥራ ሥፍራ ስለሚነሡ ፍትወትና ቅንዓት
(ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ጉድጓድ ቆፋሪዎች፣ ግንበኞች፣ ሾፌሮችና ጥበቃዎች ከቤተሰብ ተለይተው ለወራት በድንኳን ይኖራሉ። በሪፖርታችን የጉድጓዱ ጥልቀትና የሲሚንቶው መጠን ይጻፋል፤ የሰዎቹ ልብ ግን አይጻፍም።

እ.ኤ.አ. በ1789 ባውንቲ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ያመፁ ባሕረኞች፣ በ1790 መጀመሪያ ፒትኬርን በተባለች ሰው በማይኖርባት ደሴት ሰፈሩ። ከ9ኙ ባሕረኞች ጋር 6 የፖሊኔዥያ ወንዶችና ጥቂት ሴቶች ነበሩ። መርከቧን ስላቃጠሉ መውጫ አልነበራቸውም። ባሕረኞቹ መሬቱን ለራሳቸው ተካፈሉ፤ እያንዳንዳቸውም አንዳንድ ሴት ያዙ። ስድስቱ ወንዶች ግን 3 ሴቶችን እንዲጋሩ ተደረገ። የአንዱ ባሕረኛ ሚስት ከገደል ወድቃ በሞተች ጊዜ፣ ከሦስቱ አንዷን ነጥቆ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ደም ፈሰሰ፤ በ1793 አምስት ባሕረኞች ተገደሉ፤ ስድስቱ ወንዶችም አንድ በአንድ አለቁ። በ1808 የአሜሪካ መርከብ ስትደርስ፣ ደሴቲቱን ካቀኑት ወንዶች በሕይወት የተገኘው ጆን አዳምስ ብቻ ነበር፤ እርሱም ልጆቹን ከመርከቧ በተረፈው መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር ነበር።

ከዚህ የምንማረው ፍትወት ብቻውን እንዳላጠፋቸው ነው። ድርሻው በግፍ ተከፍሎ ነበር፤ ሴቶቹን የጠየቃቸው አልነበረም፤ የሚዳኝ ሽማግሌ፣ የሚመክር ካህንም አልነበረም። ቅዱስ ጳኩሚስ በግብፅ በረሃ መነኮሳትን በማኅበር ሲሰበስብ፣ ለጸሎቱም ለማዕዱም ለሥራውም ሥርዐት የሠራላቸው፣ ልብ ያለ ሥርዐት ሲተው ምን እንደሚሆን ያውቅ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ፕሮጀክት በአጥቢያችሁ ሲከፈት ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ዕረፍትና የውሎ አበል ከኃላፊው እስከ ጥበቃው በግልጽ ደንብ ይሰጥ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ቅንዓት ከአድልዎ ይወለዳልና። ሁለተኛ፣ ምግብ አብሳይዋ የሚቆለፍ ማደሪያ ይኑራት፤ አቤቱታዋንም ከአለቃዋ ውጭ የምትሰማት አንዲት የሰበካ ጉባኤ ሴት አባል ትመደብላት። ሁለት ወንዶች በተጣሉባት ጊዜ እርሷን ማሰናበት ዳኝነት አይደለም፤ በደልን በበደል መሸፈን ነው። ሦስተኛ፣ ካህኑ ድንኳኑን ይጎብኝ፤ የነፍስ አባት የሌለውን ይቀበል፤ በበዓል ቀንም ሠራተኞቹ ከሕዝቡ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ።

ውኃው የሚወጣው ለሰው ሕይወት ነውና፣ የሚያወጡትም ሰዎች በሕይወትና በክብር ወደ ቤታቸው ይመለሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።