አባት በአፉ የሚሸከማቸው ልጆች



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ የባህር ዓሣ ነው። ሳሎናቸውን በመስታወት የዓሣ ገንዳ የሚያስጌጡ ቤተሰቦች በየአገሩ አሉ። በእነዚያ ገንዳዎች ከሚታዩት ውብ ዓሦች አንዱ የባንጋይ ካርዲናል ይባላል። ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብርማ ገላውን ጥቁር መስመሮች ያቋርጡታል፤ ነጫጭ ነጠብጣቦችም ተበትነውበታል። የትውልድ ስፍራው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ከሱላዌሲ በስተምሥራቅ የሚገኙት የባንጋይ ደሴቶች ናቸው።

እስቲ የዚህን ዓሣ አባትነት እንመልከት። እናቲቱ እንቁላሎቿን ስትጥል ወንዱ በአፉ ይቀበላቸዋል፤ 20 ቀን ያህልም ይዟቸው ይቆያል። ከተፈለፈሉም በኋላ ወዲያው አይለቃቸውም፤ ለመዋኘት እስኪጠነክሩ ለተጨማሪ ቀናት ይሸከማቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ አይበላም። አፉ ለልጆቹ ቤት ሆኗልና! ሲወጡም በባህር ጃርት እሾህ መካከል ይጠለላሉ።

ሱብሓነላህ! ከሥራ ደክመን ገብተን፣ ልጃችንን ለአምስት ደቂቃ ለማዳመጥ ትዕግሥት ያጣን አባቶች ስንቶች ነን?

ነገር ግን ይህ ዓሣ አደጋ ላይ ነው። የብዙ ዓሦች እጮች በባህር ሞገድ ተወስደው ሩቅ ቦታ ይሰፍራሉ። የዚህኛው ልጆች ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከተወለዱበትም ብዙ አይርቁም። ስለዚህ አንድ ሰፈር ተጠርጎ ከተወሰደ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው የለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለገንዳ ንግድ በየዓመቱ ከ600 ሺህ በላይ ይጠመድ እንደነበር አጥኚዎች ገምተዋል። መጠለያው የሆነው የባህር ጃርትም በሰዎች እየተለቀመ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ አስገብቶታል።

ወንድሞችና እህቶች! በቤት ዓሣ ማኖር ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ዓሣ አጥማጁም ቤተሰብ አለው። ነገር ግን ይህ ዓሣ በገንዳ ውስጥም ይራባል። ስለዚህ ልንገዛ ስንሄድ ሻጩን እንጠይቀው፦ ከባህር የተጠመደ ነው ወይስ በሰው እጅ የተራባ? መልሱን የማያውቅ ከሆነ ገንዘባችንን በኪሳችን እናቆየው። ከገዛንም በኋላ ውሃውና ምግቡ የእኛ አማና ነው።

ልጆቻችን ገንዳው ፊት ቆመው ሲጠይቁንም ቀለሙን ብቻ አናሳያቸው። ስለ ልጆቹ ሲል የሚራበውን አባት እንንገራቸው።