የሰውንና የአገርን ጠባይ ስለ መማር
ለወልድያ፥ ለመርሳና ለሐብሩ መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ



የመልክዐ ምድር ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው የወንዝና የተራራ ስም መቍጠር ይመስለዋል። ነገር ግን የትምህርቱ ዋና ክፍል ሰው በምን ምክንያት ባንድ ስፍራ እንደ ተቀመጠ፥ በምን ምክንያትም ተነሥቶ እንደሚሄድ መመርመር ነው።

ምርመራውን ከደጃችን እንጀምር። ከወልድያ ዙሪያ ደጋ ገብስና በግ ይወርዳል፤ ከሐብሩ ቆላ ማሽላና ጤፍ ይመጣል፤ ከምሥራቅም አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይነዳል። አንዱ ያጣው በሌላው ዘንድ ስለ ተገኘ ገበያ ቆመ፤ በገበያውም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፥ አማርኛ ተናጋሪውና አፋርኛ ተናጋሪው ተዋወቀ።

ከአዲስ አበባ በደሴ፥ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድ ደግሞ ከእህል በቀር ወሬንና ምኞትንም ያመላልሳል። ከነዚህ መንደሮች ስንት ልጆች ወደ ዓረብ አገር እንደ ሄዱ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ምን ሄዱ? አንደኛው ምክንያት ከዚህ ነው፤ ይኸውም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ገበሬው የእርሻ መሬት ቢያገኝም፥ ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲከፈል ድርሻው እየጠበበ ሄደ። ሁለተኛው ከወዲያ ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ በ1930 ዓ.ም. ብዙ የነዳጅ ዘይት ስለ ተገኘ አገሩ በለጸገ፥ የጕልበት ሠራተኛም ፈለገ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ615 ዓ.ም. ግን ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደኛ መጥተው ነበር፤ ንጉሣችንም ተቀበላቸው። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ተመለሱ። ባሕሩ ያው ነው፤ የሰው ኑሮ ግን ተለወጠ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ካርታ ስትዘረጉ መንገዱን ሁሉ አሳዩ። ተማሪው ከዘመዶቹ ማን ወዴት እንደ ሄደ ጠይቆ በካርታው ላይ ምልክት ያድርግ። ከጅቡቲ፥ ከኦቦክ በጀልባ የሚሳፈር ልጅ የሚወርደው በየመን መሆኑን፥ በየመንም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት እንደ ተነሣ፥ በብዙ ዓረብ አገርም የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ ሳትሸሽጉ ንገሩ። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ልጅ ስለ ላከው ገንዘብ ስታመሰግኑ ያለፈበትንም መንገድ ጠይቃችሁ ለታናናሾቹ አስነግሩ። «አትሂድ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ቢሄድም ቢቀርም ነገሩን ዐውቆ ይምረጥ።

እግዚአብሔር በሩቅም በቅርብም ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን።