ስም ከነቤቱ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገው ንግግር)



አምና አንድ አዛውንት አባላችን አርፈው፣ ቀብረን ስንመለስ ለዘመድ መርዶ እንላክ ብንል መዝገባችን የያዘው ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ብቻ ሆኖ ተገኘ። አገራቸውን የሚያውቅ ጎረቤት እስኪገኝ ቀናት አለፉ፤ ወንድማቸው ለሳልስቱ እንኳ አልደረሱም። ነገሩ ከነከነንና፣ ሌላው ሕዝብ ስሙን እንዴት ይይዛል ብለን ጠየቅን። ዛሬ የምናወሳው በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በማኒፑር ስለሚኖረው የሜይቴይ ሕዝብ ነው።

ሜይቴዮች ሰባት ጎሳ አላቸው፤ ጎሳውን ሳላይ ይሉታል። እነሱም ኒንግቶውጃ (ማንጋንግም ይባላል)፣ ሉዋንግ፣ ኩማን፣ አንጎም፣ ሞይራንግ፣ ካ ንጋንባና ሳራንግ ሌይሻንግቴም ናቸው። ኒንግቶው ማለት ንጉሥ ነው፤ ማኒፑር በ1949 እ.ኤ.አ. ከህንድ ጋር እስክትቀላቀል ድረስ ነገሥታቱ ከኒንግቶውጃ ይወጡ ነበር። በየጎሳው ውስጥ ብዙ ቤቶች አሉ፤ የቤቱ ስም ዩምናክ ይባላል። አንዳንዱ ከሙያ፣ አንዳንዱ ከሰፈር፣ አንዳንዱም ከሹመት የመጣ ነው።

ታዲያ ይህ ስም ሥራ አለው። አንድ ሳላይ የሆኑ ወንድና ሴት፣ ዝምድናቸው ምንም ቢርቅ፣ እንደ እህትና ወንድም ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንደርስበትን እነሱ ጎሳ ጠይቀው ይጨርሱታል።

ሲጠሩም የቤቱ ስም ይቀድማል። በ2021 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሎምፒክ በክብደት ማንሳት ብር ያገኘችው ሳይኮም ሚራባይ ቻኑ፣ ሳይኮም የቤቷ ስም ነው። ያገባች ሴት ሙሉ ስሟ ሲጻፍ ኒንጎል በሚለው ቃል የተወለደችበት ቤት፣ ኦንግቢ በሚለው ደግሞ ያገባችበት ቤት ይታወቃል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የሂንዱ እምነት በቤተ መንግሥቱ ከጸና ወዲህ ግን ወንዱ ሲንግ፣ ሴቷ ዴቪ እየተባለ የብዙ ሰው መጨረሻ ስም ተመሳሰለ። የቤቱም ስም በጽሑፍ ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። ክብደት አንሺዋ ኤን. ኩንጃራኒ ዴቪ ስትባል፣ ኤን. ናሜይራክፓም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ካልነገረን በምን እናውቃለን? የእኛም መዝገብ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ሜይቴዮች እንደኛ እድር አላቸው፤ ሲንግሉፕ ይባላል። ሲንግ ማገዶ ማለት ነው፤ ሬሳ ስለሚያቃጥሉ የሰፈሩ ሰው ተባብሮ ማገዶ ያቀርባል። እቁብ የመሰለውንም ማሩፕ ይሉታል። እንግዲህ ለጋብቻ ጎሳ የሚጠይቅ ሕዝብ፣ ለሐዘን ጊዜ ጉርብትና ይበቃዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሬሳውን የሚሸከመው ጎረቤት ነው፣ መርዶው የሚደርሰው ግን ለዘመድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን የአያታችንን ስም፣ የትውልድ አገራችንንና የአንድ የቅርብ ዘመድ አድራሻ ለጸሐፊያችን እናስመዝግብ። አምና የጎዳን «እንተዋወቃለን» ብለን መተዋችን ነውና፣ አደራ እንላለን።